ልጅቷ መቼ ትፈታለች?

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ወሬው ደግ ነው። ልጅሽ ቪዛ አገኘች! በስልክ «ትንሽ የወረቀት ጣጣ ነው» ብዬ የሸፋፈንኩትን አሁን ልንገርሽ። ያኔ ብነግርሽ እንቅልፍ ታጪ ነበር።

ስትሄጂ ልጅቷን እኔ እንዳሳድግ ፍርድ ቤቱ የሰጠኝን ወረቀት ታስታውሺያለሽ። የእንግሊዝኛ ቅጂውን ወደ ጀርመንኛ አስተርጉሜ ጀርመን ኤምባሲ አስገባሁ። በሳምንቱ ጠሩኝ። መስኮቱ ጋ ያለችው ጸሐፊ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን አየችና፣

«እናቴ፣ ልጅቷ መቼ ነው የምትፈታው?» አለችኝ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! እንኳን ልትፈታ መች አገባች? ስምንት ዓመቷ እኮ ነው!»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ኮስተር ብላ፣ «ከእስር ማለቴ ነው። አክስቷ ቤት በእስር ላይ ናት ይላል» አለችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ለካ «ከስተዲ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ፊት አለው። በተራ ወሬ ሲነሳ በፖሊስ መያዝ ነው፤ የቤተሰብ ዳኛ ሲጽፈው ደግሞ ልጅ የማሳደግ ኃላፊነት። አስተርጓሚያችን የፊተኛውን ይዞ እኔን የወህኒ አዛዥ አድርጎኝ ቁጭ!

ወረቀቱን ሳልመልስለት ሦስት ቀን ቆየሁ። የዩኒፎርም ስፌት በዝቶብኝ ነው።

በአራተኛው ቀን ስሄድ ሽማግሌው አስተርጓሚ መነጽሩን አውልቆ፣ «ወይ ውርደቴ!» እያለ ራሱን ያዘ። ልጅ የማሳደግ መብት በጀርመንኛ «ሶርገሬኽት» ነው አለኝ፤ «ሶርገ» ደግሞ በእነሱ እንክብካቤም ጭንቀትም ማለት ነው አሉ።

«እሱን ጻፍልኝ፤ ሁለቱም አለብኝ» አልኩት።

የታረመውን መልሼ አስገባሁ፤ ትናንት ፓስፖርቷን ከነቪዛው ሲሰጡኝ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ዝርፍጥ አልኩ። እፎይ! ማታ እህል በወጉ ተዋጠልኝ።

በረራዋ የፊታችን ቅዳሜ ነው። የላክሽው ጫማ ጠቧታል፣ ሌላ ግዢላት። ፀጉሯን ከጫፉ ጀምረሽ አበጥሪ። ስታኮርፍ አትጫኛት፤ ራሷ ትመጣለች። አንዳንዴ አፏ ስቶ እኔን «እማ» ትለኛለች፤ አንቺ ፊት ቢያመልጣት አትቀየሚያት።

ጎረቤቶች አልጋዋን ሽጪውና ቦታ አስፊ ይሉኛል። ለጊዜው እዚያው ይቁም፤ ቤቱ አልጠበበኝም።

አምላክ በጤና ያገናኛችሁ፤ በሳቋ ቤትሽን ይሙላልሽ።

ታላቅ እህትሽ