የምናማርራትን ከተማ ስለመዘናችሁልን

ይድረስ ለክቡራን የኮሌጅ ከተሞች መዛኝ ኮሚቴ አባላት፤
ባላችሁበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? ወገባችሁ፣ ጉልበታችሁ፣ በተለይም ያን ሁሉ ሲጽፍ የከረመው ጣታችሁ ደህና ነው? ኮሌጅ ያለባቸውን ከተሞች በሙሉ ዞራችሁ የትኛዋ ከስሟ እንደምትሻል፣ የትኛዋ ደግሞ ከስሟ እንደምትብስ ለይታችሁ ለማሳወቅ የተንከራተታችሁትን ሳስበው፣ እኔን ይድከመኝ እላለሁ።

እኔ ከኮሌጁ ዋና በር ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ያለኝ፣ ለመታወቂያም ለምረቃም ተማሪ ሳነሳ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ከተማችን «ከስማቸው የባሱ» በሚለው ሰንጠረዣችሁ አናት ላይ መቀመጧን ያነበብኩት፣ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀሉት ተመራቂዎች ሁሉ ፈገግ ብለው እያዩኝ ነው። በምንም ነገር አንደኛ ወጥተን ስለማናውቅ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። በዚያው ሰንጠረዥ ምክንያት የኮሌጁ የነርሲንግ ትምህርት ክፍል ከእኛ ተነሥቶ «ከስማቸው የተሻሉ» ከተባሉት አንደኛ ወደወጣችው ከተማ ተዛውሯል፤ እዚያ ክፍል የምታስተምረው አንዲት ልጄም አብራ ሄዳለች። ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማጣፈጫ ነው።

አንደኛ፦ ነዋሪውን በየመንገዱ እያስቆማችሁ ከተማችሁ እንዴት ናት ብላችሁ መጠየቃችሁን፣ የተሰጣችሁንም መልስ እንዳለ መጻፋችሁን ከልብ አደንቃለሁ። ባለ ዳቦ ቤቷ በዚህች ከተማ ሊጥ እንኳ በወጉ ኩፍ አይልም አለቻችሁ፤ ጻፋችሁ። ፀጉር አስተካካዩ እዚህ መወለድ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው አላችሁ፤ ጻፋችሁ። ባለቤቴ ደግሞ ከፎቶ ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ሆና ሰው እዚህ የሚኖረው መሄጃ ስላጣ ነው አለቻችሁ፤ የእሷንማ በሪፖርታችሁ መግቢያ ላይ በደማቁ አተማችሁት። ባለቤቴ በትዳር ምክንያት ከሌላ ከተማ የመጣች ናት። ወንድሟ በመጣ ቁጥር ቤት ላግኝልሽ፣ አጠገባችን ሁኚ እያለ ሲለምናት፣ እሷ ደግሞ ሞቼ ነው ቆሜ ስትል ኖራለች። ብትጠይቋት ትነግራችሁ ነበር፤ አልጠየቃችኋትም። የሥራ ብዛት ነው፣ ይገባኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው ክቡራን፤ እኛ የምንወደውን እናማርራለን። በከተማችን ቤቱን ሲያሞግስ የተሰማ ሰው ሊሸጠው ነው ተብሎ በማግስቱ ደላላ በሩን ያንኳኳል። ምስጋና የምናወጣው ለሚሄድ ሰውና ለሬሳ ብቻ ነው። መልካም ጠባይ ነው ብዬ አልከራከራችሁም፤ አንዴ አድገንበታል፣ ምን እናድርገው? ተማሪዎቹም ቢሆኑ አንደኛ ዓመት ላይ ከተማዋ ደስ ትላለች ይላሉ፤ በሁለተኛው ዓመት ነፋሷን ሲራገሙ ስሰማ፣ እሰይ፣ ለመዱ እላለሁ። ሲመረቁ ጥርግ ብለው ይሄዱና ከጊዜ በኋላ ትዳር ይዘው፣ ልጅ አቅፈው፣ እዚያው የፎቶ መጋረጃዬ ፊት ሊነሱ ይመጣሉ። ይህን ቡትቶ ዛሬም አልቀየርከውም ብለው ሲሰድቡኝ ሆዴ ቅቤ ይጠጣል። እናንተ ለዚህ ዓይነቱ ነገር በቅጻችሁ ላይ ሣጥን አላዘጋጃችሁም፤ እኔም ብሆን በየትኛው ሣጥን እንደምከተው አላውቅም።

ሁለተኛ፦ አንደኛ የወጣችውን ከተማ በተመለከተ ቅናት የለብኝም። መንገዷ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉም እንደሚበሩ፣ የእኛዎቹ ግን ሲፈልጉ እንደሚበሩ አልክድም። የነዋሪዎቿንም ጨዋነት ሰምቻለሁ፤ እናንተን ሲያዩ ገና ከሩቁ ፈገግ ብለው ከተማችን ገነት ናት እንዳሏችሁ በሪፖርቱ አንብቤያለሁ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ አንድ ነገር ሊሸጥላችሁ ነው ብለን እጃችሁን ይዘን ባሸሸናችሁ ነበር።

ሦስተኛ፦ ሦስተኛውን ቅሬታ ባለቤቴ አንብባ ይህ ደብዳቤ ሳይሆን ስድብ ነው ብላ ስለሰረዘችው፣ እንዳነበባችሁት ቁጠሩልኝ።

አራተኛ፦ ይግባኝ ስንላችሁ ሳትታክቱ እንደገና መምጣታችሁን እንዴት አድርጌ ላመስግን? ከመምጣታችሁ በፊት ከንቲባው ሰብስቦን፣ እባካችሁ ለአንድ ቀን እንኳ ከተማችሁን አመስግኑ ብሎ ለመነን። ሞከርን፤ ምስክሬ ፈጣሪ ነው። ፀጉር አስተካካዩ በእናንተ ፊት ጉሮሮውን ጠርጎ ከተማችን እጅግ ውብ ናት ሲል፣ ከመቀሱ ሥር የነበረው ደንበኛ ግማሽ ራሱን እንደተቆረጠ ብድግ ብሎ ምነው፣ ሐኪሙ ምን አለህ ብሎ ጠየቀው። ወሬው ሳይውል ሳያድር ተዳረሰ፤ አመሻሹ ላይ ሱቁን ለማን ትተዋለህ የሚሉ ሰዎች መጡበት። ባለ ዳቦ ቤቷ ዳቦዬ ጥሩ ነው ለማለት አፏን ከፍታ እንባዋ ቀደማት። የእኔ ተራ ሲደርስ ነፋሱ እንኳን ዛሬ ይሻላል ከማለት ሌላ የወጣልኝ ነገር የለም። እናንተም ነዋሪዎቹ ተገደው እንደሚናገሩ ታዝበናል ብላችሁ ከቀረችን ነጥብ ላይ ደግማችሁ ቀነሳችሁ። እውነታችሁን ነው፤ ተገደን ነበር። ጉድ እኮ ነው፣ የዋሸነውም እውነት የተናገርነውም እኩል ፈረደብን።

አምስተኛ፦ ልጄ የሄደች ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ለወትሮው ሻንጣሽ ውስጥ ድንጋይ ነው ወይ የሞላሽው፣ ፀጉርሽ ምን ሆኖ ነው የቆመው እያልኩ ስነዘንዛት ነው የምውለው። ያን ዕለት ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አንቺ እኮ ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ቤታችን በአንቺ ያምር ነበር አልኳት። የዚህች ከተማ ልጅ ናትና ወዲያው ገባት፤ ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ እንባዋን ዱብ ዱብ አደረገችው። እናቷ በክርኗ ጎሸመችኝና ምን ሆነች ብለህ ነው ልጄን የምታሞግሳት ብላ ተቆጣችኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ማናችንም እጃችንን አላውለበለብንም።

እንግዲህ ምን አድርጉልኝ ልበላችሁ? ሰንጠረዡ ታትሟል፣ የክፍሉ ወንበሮች ተጭነው ሄደዋል፣ ባዶው ሕንፃ መስኮት ላይ እርግብ ሰፍሮበታል። የምረቃ ጋውኖቼን ብል እንዳይበላቸው ፀሐይ ላይ አሰጣቸዋለሁ፤ መልሼ አስገባቸዋለሁ። ለማን አቤት ይባላል ብዬ ብጠይቅ አቤት የሚባለው ለእናንተው ነው አሉኝ፤ ይኸው ብያለሁ። በዚህ ደብዳቤ ያመሰገንኳችሁን ያህል በከተማችን የተመሰገነ ሰው ቢኖር፣ እሱም ተቀብሯል።

ከስማችሁ ያልባሳችሁም ያልተሻላችሁም፣ ልክ እንደ ስማችሁ የሆናችሁ መዛኞች መሆናችሁን እየመሰከርኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ የማይዝል ጣትና በሄዳችሁበት ሁሉ ፈገግ የሚልላችሁን ነዋሪ ተመኝቼላችሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ ባርኔጣዬን አውልቄ እሰናበታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶ አንሺ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ልጄ እሑድ እሑድ ትደውላለች። እንደሄደች ሰሞን ከተማዋ ድንቅ ናት፣ ውሃው አይቋረጥም፣ ሰዉ ትሑት ነው እያለች ስታወድስልን እናቷ አልጋዋን እያነጠፈች ትጠብቃት ነበር፤ እኔም አልለመደችም፣ ትመለሳለች ብዬ ክፍሏን ለማንም አላከራየሁም። ባለፈው እሑድ ግን ጎረቤቴ ነዝናዛ ናት፣ ጉሙ ጠዋት ጠዋት አንጀቴን ያሳርረዋል፣ ይህም ከተማ ተብሎ፣ ኧረ ወዲያ እያለች አማረረች፤ አማርራም አልጠገበች። እናቷ ስልኩን ዘግታ አልጋ ልብሷን አጣጥፋ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው። ስለዚህ ክቡራን፣ ለሥራችሁ ጥራት ስትሉ፣ አንደኛ ካላችኋት ከተማ ላይ ነጥብ ቀንሱ፤ አንዲት ነዋሪ አማርራባታለች።