ሙሽሪት ቢጫ የሆነችበት ሳምንት

ሰኞ፣ የካቲት 5

ዛሬም ያው። ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር ከሠርግ ፎቶ ላይ የሰው ብጉር ስነቅል ዋልኩ። የሙሽራው አጎት ሦስት አገጭ ነበራቸው፤ አንዱን ተውኩላቸው።

ልወጣ ስል ኮምፒውተሩ «ልታደስ?» አለኝ። ስንት ጊዜ «ነገ» እያልኩ ያባበልኩት ነው። እሺ ታደስ፣ ምን አለበት... ምን አለበት ብሎ ያልተቀጣ ማን አለ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ታድሷል። ያምራል። ሙሽሪት ግን ቢጫ ሆናለች። ቬሎዋም። ሙሽራው እርድ የተነከረ ይመስላል። ጉበት ነው? የሁለቱም በአንድ ሌሊት?

ሞኒተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። ለዓይን ተብሎ ማታ ስክሪን የሚያቀላውን ነገርም አየሁ... ጠፍቶ ነው ያለው። በመጨረሻ ቬሎው እስኪነጣ ፎቶዎቹ ላይ ሰማያዊ ጨመርኩና ወደ ማተሚያ ላክሁ። ብልህ ነኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ብልህ አይደለሁም። ህትመቱ መጣ። ሙሽሪት ከፍሪጅ የወጣች ትመስላለች።

ጋሼ (የእህቴ ባል፣ የፎቶ ቤቱ ጌታ) ፎቶውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፦

«ይቺ ልጅ አግብታ ነው ወይስ ሞታ?»

«ሞኒተሩ ነው፣ ጋሼ።»

«ሞኒተሩ ሰኞ ደህና ነበር። ዓይንሽ ነው። ነገ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።»

የሠርጉ አልበም ቅዳሜ ካልደረሰ ወንበሬን ለአክስቱ ልጅ እንደሚሰጥ ዛተ። ሰውን ሁሉ እንደ ተላጠ እንቁላል ለሚያለሰልሰው ለዚያ ልጅ...

ለእህቴ ደወልኩ። «ሲቆጣ ዝም በዪው፣ ራሱ ይደክመዋል» አለች። ትዳሯ የቆመው በዚሁ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አንዱን ዓይኔን ሸፍና አስነበበችኝ፤ ከዚያ ሌላውን። ለምን አብረው አይታዩም? ብላት፦

«አብረው ካየኋቸው የትኛው እንደሚዋሽ በምን አውቃለሁ?»

ዓይንሽ የጭልፊት ነው ብላ ሸኘችኝ። ደረጃው ላይ ቀጥ አልኩ። የትኛው እንደሚዋሽ...

በሩጫ ተመለስኩ። ሞኒተሩን ነቅዬ እንግዳ መቀበያው ጋ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፤ እሱ ገና አልታደሰም። ቬሎው ወተት ነው። ሞኒተሩ ነጻ ወጣ። ያልነካሁትን ፎቶ ወደ ስልኬ ላክሁ። ሙሽሪት ጤነኛ ናት። ፎቶውም ነጻ ወጣ። የቀረው ማን ነው? የታደሰው ኮምፒውተሬ ራሱ።

ዓርብ፣ የካቲት 9

ተያዘ። ቅንብሩ ውስጥ፣ የቀለም ፕሮፋይል የሚሉት ጓዳ ውስጥ ተሸሽጎ።

ፕሮፋይሉ ለኮምፒውተሩ «ይህ ሞኒተር ቀለም ላይ እንዲህ ያለ አመል አለው፣ እንዲህ አርመው» የሚል ፋይል ነው። እድሳቱ የእኔን ሽሮ፣ ድሮ የጣልነውን ሞኒተር ፋይል ሾሞታል። ያ ሞኒተር ሰማያዊ ያበዛ ስለነበር ቢጫ ይጨመርለት ነበር። የሟችን መድኃኒት ለጤነኛ አጠጡት ማለት ነው።

ሻርኩት። ትክክለኛውን ሾምኩ። ቬሎው ዓይኔ እያየ ነጣ። ብቻዬን እጄን አጨበጨብኩ። የማክሰኞን ሰማያዊ ሁሉ ሰርዤ፣ እንደገና አስተካክዬ አሳተምኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

የጋሼ የአክስት ልጅ ጠዋት መጣ። የወንበር ትራስ ይዞ።

ሙሽሪትና እናቷ ተከተሉ። አልበሙን ገለጠች... ገለጠች... «እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። እናቷ፦ «አንቺስ አንቺ ነሽ፤ እኔን ማን ነው ያስረጀኝ?»

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድሮም ሶፍትዌሩ ነው ብያት ነበር» አለ ለእንግዶቹ። ዝም አልኩት። ከዚያ ወደ አክስቱ ልጅ ዞሮ፦ «አንተ ምን ቆመሃል? አልበሙን መኪናቸው ድረስ ያዝላቸው።»

ያዘላቸው። ትራሱን እኔ ወረስኩ።

ከሰዓት ጋሼ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ «ያለ እሷ ፈቃድ ማደስ ክልክል ነው።» ሥልጣን ለካ እንዲህ ይጣፍጣል... ልንዘጋ ስንል ራሱ ጋሼ ደጃፌ ላይ መጥቶ ቆመ። የእሱ ላፕቶፕ ይታደስ ዘንድ ፈቃዴን ሊጠይቅ።

ትራሴ ላይ ተመቻቸሁ። «ሰኞ ተመለስ፣ ጋሼ» አልኩት።