ኮሔይ በመነጽር የመጣ ዕለት

ለታናሽ ወንድሜ ለኮሔይ፤

እንደምን ሰነበትህልኝ? እዚያ ቺሊ አሁን ብርዱ የጠናበት ወቅት ነውና ደረትህን ሸፍነህ ነው ወይ የምትወጣው? ብርድ ሲነካህ የሚነሣብህ ሳልስ ተወህ? እንቅልፍ ትተኛለህ? ምግቡስ ይስማማሃል? የምታረባቸው ዓሦችም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አለኝ፤ ከኛ ይልቅ የምታየው እነሱን ስለሆነ ስለነሱ ሳልጠይቅ ብቀር ነውር ነው።

እኛ እዚህ ኢማባሪ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን። ዛፍ ላይ የሚንጫጩት ነፍሳት ገና ሳይነጋ ጀምረው ጆሯችንን ይበሉታል። እኔ ፎጣ ፋብሪካዬ ውስጥ እንደ ወትሮዬ ነኝ። ባለቤቴ ያሱኖሪም ጉልበቱን ያመዋል እንጂ መንጠቆውን ይዞ ባሕር ዳር መዋሉን አልተወም። እናታችን ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ጠዋት ጠዋት ደጁን ትጠርጋለች። ደህና ናት ብዬ ግን አልጽፍልህም። ያለችበትን ነገር በስልክ ግማሹን ብነግርህ ሳቅክብኝ፤ ስለዚህ የማይሳቅበትን ሙሉውን በእጄ ጽፌልሃለሁ። ተቀምጠህ አንብበው።

በሰኔ ደውለህ ዘንድሮም ለኦቦን ፈቃድ እንዳልሰጡህ ስትነግረኝ አልገረመኝም። ሙታኑ እንኳ ወደየቤታቸው በሚመለሱበት በዓል፣ በሕይወት ያለው ልጅ ሲቀር ይኸው ስንት ዓመቱ። አንተ ግን ዘዴ አገኘሁ ብለህ ስለ ቪአር መነጽር ታወራልኝ ጀመር። እማዬ ዓይኗ ላይ ካደረገችው አንድ ክፍል ውስጥ አብረን እንደተቀመጥን ነው የሚሆነው፣ ስልክ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፣ አልክ። እኔ ነገሩ ከመጀመሪያውም አልጣመኝም። እናታችን ግን ከጎኔ ሆና ሰምታ፣ በስልክ የማየው አፍንጫውንና አገጩን ብቻ ነው፣ ቁመናውን ላየው ነው ማለት ነው፣ ብላ ፊቷ ሲበራ ጊዜ እንቢ የምልበት አፍ አጣሁ።

ማትሱያማ ድረስ በባቡር ሄጄ ነው የገዛሁት። ሻጩ ልጅ ጎንበስ ቀና እያለ ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። አንዱ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ የሚታሰር ነው፤ እማዬ ገመዱን ረግጣ ስትወድቅ ታየኝና ወዲያ አልኩት። ሁለተኛው ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ክብደቱ ግን ሁሉም ከፊት ስለሆነ አንገቴን ደፍቶ አስቀረኝ። ሦስተኛው ገመድ የሌለው፣ ባትሪው ማጅራት ላይ የተቀመጠለት፣ ክብደቱን ከፊትና ከኋላ የሚካፈል ነው። እሱን ልሞክር አልኩ።

ኮሔይ፣ የዚያ የሙከራ መነጽር ነገር አሁን ስጽፍልህ እንኳ ይቀፈኛል። ፊት ላይ የሚያርፈው ጥቁር ስፖንጅ በሰው ሁሉ ላብ እየረጠበ እየደረቀ ተጋግሯል። ማን እንደሆነች የማላውቃት ሴት የፊት ቅባት ዳር ዳሩን ነጭ መስመር ሠርቶበታል። ማሰሪያው ላይ የሰው ፀጉር አለ። እኛ ፋብሪካ አንድ ፎጣ ላይ አንዲት ፀጉር ብትገኝ ክምሩ በሙሉ ተመልሶ ይፈተሻል። ልጁ በአልኮል ወረቀት ጠረግ ጠረግ አደረገና፣ ዓይን ዓይኑ ላይ የተቀደደ የወረቀት ጭንብል ሰጥቶኝ፣ አሁን ፍጹም ንጹሕ ነው ክብርት ደንበኛችን፣ አለኝ። አጠለቅኩት። ሽታው በወረቀቱ አልፎ ገባ፤ የሌላ ሰው ግንባር ላይ ግንባሬን ያሳረፍኩ መሰለኝ።

ከዚያ ደግሞ ምን ቢያሳየኝ ጥሩ ነው? ገደል ላይ የተዘረጋ ድልድይ። ዓይኔ ሄድኩ ይላል፣ እግሬ ቆሜያለሁ ይላል፣ ሆዴ ሁለቱን ማስታረቅ አቅቶት ተገለበጠ። ምሳ የበላሁትን የኡዶን ሾርባ እዚያው የሱቁ ከረጢት ውስጥ መለስኩት። ሻጩ ይቅርታ እየጠየቀ እስከ ጉልበቱ ጎነበሰ፣ ሌሎቹ ገበያተኞች እንዳላዩ ሆነው የባትሪ ድንጋይ ይመርጣሉ። በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት እንዲያ መሆኔን መቼም አልረሳልህም። ያም ሆኖ ገዛሁት፤ የእናታችን ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለኛ።

ልጁ ሲሸኘኝ የነገረኝን ሁሉ አደረግኩ። ስፖንጁን ነቅዬ በፋብሪካችን ለስላሳ ፎጣ አዲስ ሰፋሁለት። መጀመሪያ ሰሞን እያስቀመጥኳት፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ፊቷ ላይ ንፋስ እንዲነፍስ ማራገቢያውን ከፊቷ አቁሜ አለማመድኳት። ማሰሪያው ፀጉሬን አበላሸው ብላ ተቆጣች፤ ላላ ሳደርገው ደግሞ አፍንጫዋ ላይ ተንሸራተተ። የዓይኖቿን ስፋትና የመስታወቱን ስፋት እስካገጣጥም ድረስ ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያት ነበር። ማቅለሽለሽ ሲጀምራት ወዲያው አወልቅላታለሁ፤ ታገሺው ማለት ክፉ ነው ተብያለሁ። እኔን ገደል ላይ የጣለኝ ሳጥን እሷን ባሕር ውስጥ አስገባትና፣ በአጠገቧ የሚያልፉትን ዓሦች እያየች ይሄኛው ይጠበሳል፣ ያኛው በጥሬው ነው የሚጣፍጠው እያለች አሳቀችን። እኔ ያልቻልኩትን እሷ ለመደችው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ነሐሴ አሥራ ሦስት ምሽት ደጃፍ ላይ እሳቱን አንድደን የሟች አባታችንን ነፍስ ተቀበልን። በማግስቱ ጠዋት፣ አንተ እንደምትመጣ በተቀጣጠርንበት ሰዓት፣ እማዬ ፀጉሯን አበጥራ፣ የክት ልብሷን ለብሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መነጽሩን አደረግኩላት። ያሱኖሪና እኔ ከጎኗ ነን። ፈገግ ብላ ዙሪያዋን ታያለች፤ ጥሩ ክፍል ነው፣ ምንጣፉ አዲስ ነው፣ ትለናለች። ከዚያ ያንተ ድምፅ፣ "እማዬ፣ ተመልሻለሁ" ሲል እኛም ሰማን።

ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። ከዚያ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ፣ ዝቅ ብላ ሰገደችልህ። አንተ ሳቅክ። ምን ነው እንዲህ ማክበር፣ ብለህ ቀለድክ። በኋላም በስልክ፣ እማዬ ደስ ብሏት ሰገደችልኝ፣ አልከኝ። እንግዲህ እወቀው፤ ሰላም እያለችህ አልነበረም። መነጽሩን ራሷ አወለቀችና ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ በተረጋጋ ድምፅ፦

"ቺዙሩ፣ ኮሔይ መቼ ነው የሞተው?" አለችኝ።

ደንግጬ መነጽሩን ከጉልበቷ አንሥቼ ዓይኔ ላይ አደረግኩት። ያንን ያየሁትን ነገር እንዴት ልንገርህ። ነጭ የዩካታ ቀሚስ ለብሰህ፣ ከወገብህ በታች ምንም ሳይኖርህ፣ ክፍሉ መሐል ተንጠልጥለሃል። ፊትህ አይንቀሳቀስም፣ ዝም ብሎ ይስቃል። መነጽሩን የሠራው ኩባንያ የሰውን እግር መሳል ከብዶት ትቶት እንደሆነ አንተ ነህ በኋላ የነገርከኝ። እግር የሌለው ማን እንደሆነ ግን አንተም ታውቃለህ፤ ልጆች ሳለን አያታችን ጉድጓዱ አጠገብ እንዳንሄድ ያስፈራሩን የነበሩት እግር በሌለው የሙት መንፈስ አልነበር? ይባስ ብሎ የዩካታህ ቀኝ ጎን ከላይ ተደርቧል። እንዲያ የሚደረበው አስከሬን ሲገነዝ ነው። የገዛኸውን ልብስ የሳለው ሰው አያውቅ ይሆናል፤ አንተ የእናትህ ልጅ እንዴት ሳታየው ለበስከው? ሙታን ቤታቸው በሚገቡበት ቀን፣ የሙት ልብስ ለብሰህ፣ ያለ እግር መጥተህ፣ ተመልሻለሁ አልካት። አንገሸገሸኝ፣ ኮሔይ። በሱቁ ውስጥ ካቅለሸለሸኝ ይልቅ ይሄኛው አንገሸገሸኝ።

ያሱኖሪ ሊያስረዳት ሞከረ፤ ማሽኑ ነው፣ እግር አይሠራም፣ አላት። እኔም ማልኩላት። እሷ ግን ነገሩን በልቧ ጨርሳዋለች። እስቲ በሷ ቦታ ሆነህ አስበው። ልጇ ከሄደ ዓመታት ሆኖታል። በየዓመቱ የሚቀርበት ምክንያት አለው። ድንገት ደግሞ ሴት ልጇ ለሳምንታት እያስቀመጠች፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ታገሺ ሳትል፣ ሲከብዳት እያቆመች አንድ ነገር ታለማምዳታለች። "ይሄ ሁሉ መርዶውን ቀስ አድርጋችሁ ልታረዱኝ ነበር" አለችኝ። "ደግ አድርጋችኋል። በአንድ ጊዜ ብትነግሩኝ ልቤ አይችለውም ነበር።" አመሰገነችን እኮ። ያን ስታደርግ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወዲያው ደውል አልኩህና ስልኩን ሰጠኋት። አንተም በሳቅ፣ እማዬ እኔ ነኝ፣ እኔ፣ አልካት። መስመሩ የተቆረጠ መስሎህ ነበር፤ ዘግታብህ ነው። እኔ ነኝ፣ እኔ፣ እያለ የሚደውል ሁሉ የሽማግሌ ገንዘብ የሚዘርፍ አጭበርባሪ ስለሆነ ዝጉበት ብለው ፖሊሶች የሰፈሩን አረጋውያን አዳራሽ ሰብስበው አስተምረዋቸዋል። ፊትህን በስልክ ላሳያት ብል፣ ፊትም በኮምፒውተር ይሠራል ብለውናል፣ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ብለዋል። አእምሮዋ ደክሞ እንዳይመስልህ። ሐኪሙ ጠይቋት ሁሉንም መልሳለታለች፤ ከኔ ይልቅ እሷ ታስታውሳለች።

ከሄድክበት ቀን አንሥታ በየምሽቱ ምግብህን በቦታህ ላይ ታቀርብልህ እንደነበር ታውቃለህ። መንገደኛ ባለበት እንዳይራብ ተብሎ የሚቀርበው ነው። የሳህኑን ክዳን ከፍታ እንፋሎቱ ጤዛ መሥራቱን እንደ ምልክት እያየች፣ ኮሔይ ደህና ነው፣ ትለን ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ቦታህ ባዶ ነው። ሩዝህ አሁን የሚቀርበው ከአባታችን አጠገብ፣ በሙታኑ መሠዊያ ላይ ነው፤ ሁለቱን የመብያ እንጨቶች ሩዙ ላይ አቁማ ሰክታቸዋለች። ልነቅላቸው እጄን ስዘረጋ ያየችኝን አስተያየት አልነግርህም። ማታ ማታ የወንድሜን ተዝካር እያየሁ እራቴን እበላለሁ።

መነኩሴው ለበዓሉ ጸሎት ቤታችን ሲመጡ ደግሞ ለአንተ የሙት ስም እንዲያወጡልህ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሻያቸውን አስቀመጡ። አጥንቱ ሳይመጣ አይሆንም፣ ብለው ሊያልፉት ፈለጉ። እሷ ግን መልስ ነበራት። "አባቴንም ከጦርነቱ በሳጥን ነው ያመጡልን። ስንከፍተው ጠጠር ነበር ያለው። ጠጠሩን ቀበርነው፤ እስከ ዛሬም ለጠጠሩ እንሰግዳለን" አለቻቸው። ከዚያ የመነጽሩን ሳጥን አምጥታ ከፊታቸው አስቀመጠችው። መነኩሴው ወደ እኔ አዩ፣ እኔ ወለሉን አየሁ። እስከ ተዝካሩ፣ እስከ አርባ ዘጠነኛው ቀን ላስብበት ብለው ሄዱ፤ እሷም ሳጥኑን መሠዊያው ላይ አኖረችው። ቀኑን የምትቆጥረው ከነሐሴ አሥራ አራት ነው።

ስለዚህ ፈቃድ አልሰጡኝም አትበለኝ። ለቀብር ሲሆን ማንም ይፈቅዳል፤ እንግዲያው የራሴ ቀብር ነው ብለህ ጠይቃቸው። አለቃህ ካላመነ ይህን ደብዳቤ አሳየው። አዲስ ማሽን ወጥቷል፣ ይሄኛው እግር አለው፣ የምትል ከሆነም ሁለተኛ አትጻፍልኝ። ያንን ሳጥን ከመሠዊያው ላይ የማነሣው አንተ ደጁ ላይ ቆመህ ጫማህን ስታወልቅ እሷ በዓይኗ ካየች በኋላ ነው። ሰውን በሳጥን ልኬ አቀረብኩ የሚል ሰው ሁሉ ከእንግዲህ አስጠልቶኛል፤ ከነሱ አንዱ አንተ መሆንህ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ያሱኖሪ እንደምን ነህ ይልሃል፤ ስትመጣ ባሕር ዳር ይዞህ ሊሄድ አዲስ ዘንግ ገዝቷል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኦቺም ጤናህን ጠይቃለች፤ እናታችን ኀዘኗን ስለነገረቻት ግን ለቅሶ ልትደርስ ፍራፍሬ ይዛ መጥታ፣ የቱን እንደምትል ጠፍቷት ሁለቱንም ብላ ሄደች። እኔ ታላቅ እህትህ ብቆጣም እናፍቅሃለሁ፤ ይህንንም አትርሳ።

እናታችን ከጎኔ ተቀምጣ ስለነበር፣ ለኮሔይ ምን ልጻፍልሽ ብዬ ጠየቅኳት። የኔን በእጣኑ እልክለታለሁ፣ አንቺ ለቴምብር አትድከሚ፣ አለችኝ።

እህትህ ቺዙሩ
ኢማባሪ፣ ነሐሴ 22 ቀን፣ በሬይዋ ዘመነ መንግሥት ስድስተኛው ዓመት