«እንዳትነኩት»፦ የአታሚው አባታችን የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «እንዳትነኩት» በሚል ቅጽል ስም የሚያውቃቸው አባታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት በሰባት ወራቸው ነው። የስንቱን እናት ልጅ በሰላም የተቀበሉት አያታችን፣ የራሳቸው ልጅ ላይ ሲደርሱ «ይተርፋል» ብለው አፋቸውን ሞልተው ለመናገር አልደፈሩም። ወራት ሙሉ ከደረታቸው ሳያወርዱ አሳደጓቸው፤ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ እጁን ሲዘረጋም «እንዳትነኩት» ይሉ ነበር። ቅጽል ስሙ በኋላ በሥራ የወጣላቸው የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ግን የእናታቸው ቃል ነበር።

ጭንቀት ከእናት ጡት ጋር ይጠባል የሚል ካለ ምስክሩ አባታችን ናቸው። በሩን ቆልፈው ከወጡ በኋላ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ይነካኩታል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሩብ ሰዓት ከዘገየ መንገድ ዳር ቆመው ይገኛሉ፤ ልጁ ብቅ ሲል ደግሞ በአጋጣሚ ሲያልፉ የደረሱ መስለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ማናችንም ተሸውደን አናውቅም።

በ1955 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። የሂሳብ ውጤታቸው እዚህ ባይነሳ ይሻላል። የእጅ ጽሕፈታቸው ግን፣ ዳይሬክተሩ የየክፍሉን በር ቁጥር በእሳቸው እስኪያስጽፉ ድረስ ያማረ ነበር። በ1966 ዓ.ም. በዚሁ እጃቸው በአንድ የማስታወቂያ ቤት በብሩሽ ጸሐፊነት ተቀጠሩ።

እዚያ የሠሩትን አንድ ስሕተት ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ቅር አይላቸውም። ለአንድ የጥርስ ሐኪም «የጥርስ ሕክምና» የሚል ሰሌዳ ሊጽፉ «የጥርስ ሕመም» ብለው ጽፈው ሰቀሉት። ሰሌዳው ሦስት ቀን ሙሉ መንገደኛውን ሲያስቅ ከረመ። ሐኪሙ ደግ ሰው ስለነበሩ፣ ሰዉ ሁሉ እየሳቀ ስለሚገባ ጥርሱን ለማየት አልተቸገርኩም ብለው ይቅር አሏቸው። አባታችን ግን ራሳቸውን ይቅር አላሉም። ከዚያ ወዲህ ከእጃቸው የሚወጣውን ጽሑፍ ሁሉ ሦስት ጊዜ ያነቡ ነበር፤ ሦስተኛውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው።

በ1974 ዓ.ም. ከማስታወቂያ ቤቱ አጠገብ ፀጉር ቤት የነበራቸውን ውድ ባለቤታቸውን አገቡ። ትውውቁ የጀመረው የፀጉር ቤቱን ሰሌዳ ሲጽፉ ነው። ቀለሙ ልክ አልመጣም እያሉ አንዱን ሰሌዳ አራት ወር ሙሉ ደጋግመው ቀቡት፤ በመጨረሻ እናታችን ራሳቸው፣ ቀለሙ ምንም አልሆነም፣ የሚሉት ነገር ካለ ይበሉ አሏቸው። ከዚህ ትዳር ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1997 ዓ.ም. ማስታወቂያ ቤቱ ግድግዳ የሚያህል ቪኒል የሚያትም ማሽን አስገባ። ቪኒል ማለት ይኸው በየሱቁ መስታወትና በየመኪናው ላይ የምታዩት፣ ጀርባው የሚጣበቅ ስስ ፕላስቲክ ነው። የብሩሽ ጓደኞቻቸው «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብለው ሳቁበት። አባታችን አልሳቁም። በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ወንበር ስበው ማሽኑ ፊት ተቀመጡና፣ እንደ ታመመ ልጅ ትንፋሹን ሲያዳምጡ ወራት አሳለፉ። በሦስተኛው ዓመት የመቁረጫው ምላጭ የቀኝ አመልካች ጣታቸውን ጫፍ ወሰደው። ደም እየፈሰሳቸው መጀመሪያ የጠየቁት ቪኒሉ ላይ ደም መድረስ አለመድረሱን ነው። እናታችን ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሏቸውም።

ከጊዜ በኋላ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት ከፍተው ከሁለተኛ ልጃቸው ጋር ይሠሩ ነበር። ማሽን ያስቸገረው የሌላ ቤት አታሚ ሁሉ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። በስልክ እንደ ሐኪም ይጠይቃሉ። መስመር ወጣብኝ ላለ፣ መስመሩ ነጭ ነው ጥቁር? ነጭ ከሆነ መጀመሪያ ቀለም የሚረጨውን ሄድ መፈተሻ አትም፤ መፈተሻው ላይ የጎደለ ነጥብ ካለ ሄዱ ተደፍኗል፣ ከሌለ ቪኒሉ አልፎ እየሄደ ነው። ጥቁር ከሆነ ቪኒሉ በደንብ አልተራመደም፣ ቀለም በቀለም ላይ እየተደረበ ነው። ቀለሙ ከተንጠባጠበ ሙቀቱን እይ። ይህን ሁሉ በሰማያዊ ደብተር ጽፈውታል። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር» ይላል፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «ጥፋቱ በሁለተኛው ኅትመት ካልተደገመ ማሽኑን አትውቀስ፤ እጅ ነው» ይላል።

እጅን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ባዶ እጅ ያረፈበት ቪኒል ላይ የሰውነት ወዝ ይቀራል። በዓይን አይታይም፤ ቀለሙ ግን ያውቀዋል፣ ቦታውን እየሸሸ ነጭ ይተወዋል። ስለዚህ ያለ ጓንት ማንም ወደ ቪኒሉ ጥቅል አይጠጋም። ታትሞ የወጣውም ቢሆን ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላው፣ ደርቋል ብሎ የሚነካው ሰው ወዮለት። ደንበኛ፣ ጎረቤት፣ የቤት ልጅ ሳይሉ «እንዳትነኩት» ይሉ ነበር፤ ስሙም ጸና።

ባለፈው ዓመት ልባቸውን ታመሙ። ትንፋሻቸው አጠረ፣ እግራቸውና እጃቸው አበጠ። ሐኪሞቹ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ሲለውጡላቸው አባታችን አላስችል ብሏቸው፣ «ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከቀየራችሁ፣ የትኛው እንደሠራ በምን ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ወጣቷ ሐኪም ሳቀች፤ ቆይታ ግን አንዱን መልሳ ሰረዘችው። ለሌላው ሁሉ ሲጨነቁ የኖሩት ሰው ስለ ራሳቸው ሞት የተጨነቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለተኛ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ፎቶዬን አንቺ አትሚው። ፊቴ ላይ መስመር እንዳይወጣ» አሏት። እሷም ቃል ገባች።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ማተሚያ ቤቱ ጎራ ልበል ብለው እናታችንን ለመኑ። ጥቂት ቆይተው ወጡ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተውም ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ዓርብ ጠዋት ልጃቸው ቃሏን ልትፈጽም ማሽኑን አስነሳች። ማሽኑ ላይ አዲስ ጥቅል ተጭኖ አገኘችው፤ ማን እንደጫነው ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። አራት ሰዓት ላይ ፎቶው ወጣ። ፊታቸው ጥርት ብሎ ነበር። ጥቁሩ ኮታቸው ላይ ግን፣ ከእጅጌው አካባቢ፣ ቀለሙ የሸሸባቸው ነጫጭ ነጠብጣቦች ነበሩ። ቀብሩ ነገ ነው፣ ሰው ሁሉ ይመጣል፣ የእንዳትነኩት ልጅ የአባቷን ፎቶ እንኳ አጥርታ ማተም አቃታት ይባላል። ሄዱን አጠበች፣ ሙቀቱን ከፍ አደረገች፣ የቪኒሉንም እርምጃ ለወጠች፤ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። እንደገና ልታትም ስትል የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ትዝ አላትና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከዚያ ተነስታ ሙቀቱንም እርምጃውንም እሳቸው ትተውት ወደ ሄዱበት መለሰች። መፈተሻውን አተመች፤ አንድም የጎደለ ነጥብ የለም። ፎቶውን ደግማ አተመች። ሁለተኛው እንከን አልነበረበትም።

ጥፋቱ አልተደገመም። እንግዲያው እጅ ነው። ግን የማን እጅ? ልጃቸው ወደ መጀመሪያው ፎቶ ተመልሳ ጎንበስ ብላ አየች። ነጠብጣቦቹ አምስት ናቸው፣ እንደ ተዘረጋ እጅ ጣቶች። አራቱ ሙሉ ናቸው፤ ከአውራ ጣቱ ቀጥሎ ያለው ግን አጭር ነው፣ ጫፍ የለውም። እናታችንን ደውላ ስትጠይቅ፣ ሰኞ ዕለት ጥቅሉን የጫኑት እሳቸው መሆናቸውን ነገሯት። ጓንቱ ያበጠ እጃቸው ላይ አልገባ ሲላቸው፣ ቪኒሉ ተጣሞ እንዳይገባ ፈርተው በባዶ ጣቶቻቸው አቃኑት። ለማንም እንዳይነገርም አስጠንቅቀዋል። አርባ ዓመት ከጎናቸው የኖሩት እናታችን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምስጢራቸውን ጠብቀው ነበር።

ሁለተኛው ፎቶ ተጠቅልሎ ቤት ተቀምጧል። ከፊታችሁ የቆመው የመጀመሪያው ነው። ፊታቸው ላይ መስመር የለም፤ ቃላቸው ተጠብቋል።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ስድስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ስልካቸውን በቃል የሚያውቁ ብዙ አታሚዎችን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ዛሬም ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን፣ በሩ ተቆልፏል ወይ ብላ የማትመለስበት፣ ማንም የማይዘገይበት ቤት ያግባት። እኛንም ያጽናን።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ፎቶው ከታተመ ሃያ አራት ሰዓት ሊሞላው ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል። ስትሰናበቷቸው ቀረብ በሉ፣ እጃቸውን እዩት። ግን እባካችሁ፣ እንዳትነኩት።