አዲስ ጎማ ለፊት

ሐሙስ

ሁለት ብቻ! ሰይፉ ጎሚስታ ደብረ ብርሃንን ሲያስስ ውሎ ለአይሱዙዬ የሚሆን ደህና ጥርስ ያለው ጎማ ያገኘልኝ ሁለት ነው። የፊቶቹም የኋላዎቹ አራቱም ጥርሳቸው አልቆ ልሙጥ ሆነዋል። ወሩ ደግሞ ሐምሌ፤ ጭቃው፣ ጉሙ፣ በረዶው።

አንኮበር ያገባችው ልጄ ትዕግሥት እሁድ ልጇን ክርስትና ታስነሳለች። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ከዕድራችን አመጣለሁ ብያታለሁ። ሠርጓ ዕለት ከደነባ ጭነት ይዤ ስመለስ ጭቃ ውስጥ ቀረሁ፤ ቤት ስደርስ ሙሽራዋ ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ስደውልላት «ደህና ነኝ አባዬ» ብላ ትዘጋለች። ይሄኛው አያመልጠኝም።

ዓርብ

ከሰይፉ ጋር ተጨቃጨቅን። «ጋሼ፣ ለኋላ ያድርጓቸው። መኪናውን የሚገፋው እኮ ኋላው ነው» ይለኛል። እኔን! ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። አዲስ ጎማ ለፊት ነው፤ የፊቱ ከፈነዳ ገደል ነው። እኛ ሹፌሮች የምናውቀው ይህንን ነው። እየተነጫነጨ ለፊት ገጠመልኝ።

ቤት ገብቼ ሽሮ ሠራሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ለአንድ ሰው መሥራት አልለመድኩም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል።

ቅዳሜ፣ መንገድ ላይ

ጋቢና ውስጥ ነኝ። በረዶ ወርዶ መንገዱ ነጭ ሆኗል። ዳገቱ መሐል የኋላ ጎማዎቼ ባሉበት ይሽከረከራሉ። ጆንያ አነጠፍኩ፣ ድንጋይ ሸጎጥኩ፣ ወይ ፍንክች። ኔትወርክ የለም። የሚያልፍ መኪናም የለም።

ሰይፉ ልክ ነበር። አፈርኩ።

ትዕግሥት መንገድ መንገዱን እያየች ይሆናል። ወይም ማየቱን ትታዋለች። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሲያባራ መኪናውን ቀስ ብዬ ወደ ኋላ እስከ ሜዳው እለቀዋለሁ። ከዚያ ክሪክ አውርጄ የፊቶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ አዛውራለሁ። ብቻዬን።

እሁድ

ትናንት ሊመሽ ሲል ደረስኩ! በአዲሶቹ ጎማዎች ዳገቱን ወጣሁት።

ግቢው ውስጥ ግን ድንኳን ተተክሎ ጠበቀኝ። የጎረቤቶቿ ዕድር ነው። «እንዳትቀር ፈርቼ ነው አባዬ» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። እውነቷን ነው።

«እንካ፣ እቀፋት» አለችኝ ሕፃኗን።

«እጄ ጭቃ ነው» አልኳት።

«ይታጠባል።»

የእኔንም ድንኳን ከጎኑ ተከልነው።

ነገ ወደዚያ ባዶ ቤት እመለሳለሁ። ደግሞ ና አላለችኝም። ዛሬ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዝናቡ መጣና እንግዳው ሁለቱንም ድንኳን ሞላው። ትዕግሥት ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችው እኔ ባመጣሁት ውስጥ ነው።