አሥራ ሁለቱ ባልዲዎችህ

ውድ ሌስተር፣

ስምህን ከሕመምተኞቼ ዝርዝር አስወጣሁት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ፤ ከማንም የምትሰማ ባትሆንም። ከሞትክ ዛሬ አሥር ሳምንትህ ነው።

ሕጉን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀው ነበር። እንደ እኔ መድኃኒት የሚያበቅል አንድ ተንከባካቢ ከአምስት ሕመምተኛ በላይ አይዝም። ለአንድ ሕመምተኛ አሥራ ሁለት የካናቢስ ተክል ይተከላል፤ በየባልዲው ላይ የሕመምተኛው ቁጥር ይሰካል። በሩ ይቆለፋል፣ ቁልፉ በእኔ እጅ ብቻ ይሆናል፣ ከእኔ በቀር ማንም አይገባም። ሽታው ከአጥሬ አያልፍም። ወረዳው ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት አትሞ ተክሎቹ ባሉበት ጎተራ በር ላይ እንድለጥፈው ሰጠኝ። አንተ መነጽርህን አድርገህ ከላይ እስከ ታች አነበብከውና፣ "እዚህ አገር ያልተከለከለ መሞት ብቻ ነው የቀረው" አልክ።

እሱም ነበረበት። ወረቀቱን በሩ ላይ ስለለጠፍነው ጀርባውን አላየነውም። ሕመምተኛው ከሞተ ተንከባካቢው በአሥር ቀን ውስጥ ያስታውቃል። የሟቹን ተክሎች ቆርጦ፣ ከትፎ፣ ከአፈር ጋር ይደባልቃል። በሟቹ ቦታ ሌላ ሰው የሚመዘገበው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ አላስታወቅሁም።

ከቀብርህ መልስ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ጎተራው ገብቼ ተክሎችህን አጠጣሁ። የሌሎቹን አርባ ስምንትም አጠጣሁ፤ የጀመርኩት ግን ከአንተ ነው። በማግስቱም እንዲሁ። አሥረኛው ቀን መጣና ሄደ። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ነበረኝ፤ ሊደርሱ ትንሽ ቀርቷቸዋል፣ አሁን መቁረጥ ብክነት ነው። ደርሰው ለማን እንደሚሆኑ ግን ራሴን አልጠየቅሁም። እነሱ እስካሉ ድረስ ቁጥርህ ባልዲው ላይ ነበር፣ እኔም አምስት ሰው ነበረኝ። ማዕድን ማውጫው ከተዘጋ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን ሆን ብሎ ደጄ የሚመጣ ሰው አንተ ብቻ እንደነበርክ ታውቃለህ። ሌሎቹ አራቱ መድኃኒታቸውን ተቀብለው ሞተራቸውን ሳያጠፉ ይሄዳሉ።

የከፋው ይህ አይደለም። ኖርማ ላቱር ደውለው ነበር።

አዎ፣ ያች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር። "ስሞት ቦታዬን ለማንም ስጥ፤ የፖስታ ሳጥኔን ሁለቴ ለገጨች ሴትዮ ግን እንዳትሰጥ" ብለኸኝ ነበር። ያኔ ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እጃቸውና እግራቸው እየተኮማተረ መሪ መያዝ አቅቷቸዋል፤ መንጃ ፈቃዳቸውን ራሳቸው ሄደው መልሰዋል። ለእሳቸው ቅርቡ የካናቢስ መድኃኒት ቤት ስልሳ ማይል ርቆ ማርኬት ከተማ ነው። እዚህ ወረዳ ውስጥ እንዳይከፈት ድምፅ ሲሰጥ እኔና አንተ ጎን ለጎን ተቀምጠን እጃችንን አውጥተናል። "ሱቅ ከመጣማ አንተ ምን ልትሠራ ነው?" ነበር ያልከኝ። እሳቸው ከፊታችን ተቀምጠው እጃቸውን አላነሱም።

በጸደይ ደውለው ቦታ ሲጠይቁኝ ሞልቷል አልኳቸው፤ እውነትም ሞልቶ ነበር። ከቀብርህ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ደወሉ።

"ሬይኖ፣ ስለ ሌስተር አዝኛለሁ። ባለጌ ቢሆንም ክፉ ልጅ አልነበረም።"

"አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ኖርማ።"

"ቀኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ቦታ ካለህ ብዬ ነው።"

"ሞልቷል።"

በቀብርህ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር፤ መቁጠርም ያውቃሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕፃናት ቆጥረው ሲጭኑና ሲያወርዱ የኖሩ ሴት ናቸው።

"ሞልቷል" አሉ። "እሺ። ሲለቀቅ አስታውሰኝ።"

ስልኩን ዘግቼ ገባሁና ባልዲዎችህን አጠጣሁ።

ኦክቶበር ላይ የወረዳው ተቆጣጣሪ ግሌንዳ ለዓመታዊው ቆጠራ መጣች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ አጥሬ ጥግ ቆማ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዞረች።

"ምን ይሸትሻል?" አልኳት።

"የጎረቤትህ አሳማ።"

"ለእሱ ሕግ የለውም?"

"አሳማው ከሕጉ በፊት ነበር። ክፈትልኝ።"

እሷ ወረዳው ስለሆነች መግባት ትችላለች። በመደዳው መሐል እየሄደች በብዕሯ ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠረች። ስልሳ። ጻፈችው። ከዚያ ተመልሳ ከአንተ መደዳ ፊት ቆመችና ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አነበበች። ለቀብርህ የቼሪ ኬክ ጋግራ ያመጣችው እሷ ነበረች።

"ሬይኖ፣ ይህ የማን ቁጥር ነው?"

"ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ። ከአፍህ ልስማው ብዬ ነው።"

"የሌስተር።"

"ዛሬ አምስት ሳምንቱ ነው" አለች። "አሥራ ሁለት ትርፍ ተክል አለህ ማለት ነው። እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ፈቃድህ ይሄዳል፤ ሌሎቹ አራት ሰዎችም ነገ ጠዋት ባዶ እጃቸውን ናቸው። ይህን አስበኸዋል?"

"ሊደርሱ አሥር ቀን ነው የቀራቸው።"

"ለማን?"

ወረቀቱን ከሰሌዳዋ ላይ ገንጥላ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

"እኔ አሁን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሳንድዊቼን እበላለሁ" አለች። "ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ጥርሴን ያመኛል። ስመለስ አዲስ እቆጥራለሁ፤ ያገኘሁትን እጽፋለሁ። በትምህርት ቤት ሒሳብ ታስኮርጀኝ ነበር። አሁን ተካክለናል።"

መቀሱን አነሳሁ። ግንዳቸው ወፍሮ ስለነበር ለሦስቱ መጋዝ አስፈለገኝ። ከተፍኳቸው፣ ከጎተራው ጀርባ ካለው አፈር ጋር ደባለቅኋቸው፣ ባልዲዎቹን አጥቤ ደፋኋቸው። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ግሌንዳ ተመልሳ አርባ ስምንት ቆጠረች፣ ጻፈች፣ አስፈረመችኝ። ስትወጣ፣ "ኖርማ ትናንት ፖስታ ቤት በር ላይ ደብዳቤ ወድቆባት ማንሳት አቅቷት አየኋት" አለችኝ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደወልኩላቸው። "ተለቀቀ" አልኳቸው። መቼ ብለው አልጠየቁኝም።

አሁን ወደ ኦገስት ልመለስ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ለእሱ ነበር።

እንደ ሁልጊዜው ሐሙስ በአራት ሰዓት መጥተህ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋህ። ከፒክአፑ አልወረድክም፤ መውረድ አቁመህ ነበር። የመድኃኒት ብልቃጥህን በመስኮት ሰጠሁህ። ጭንህ ላይ አስቀመጥከውና፣ "ሬይኖ፣ አንዴ ልያቸው" አልክ።

"ምኑን?"

"አሥራ ሁለቱን ነዋ። ሦስት ዓመት ስበላቸው አንድ ቀን እንኳ መልካቸውን አላየሁም።"

"እንደማይቻል ታውቃለህ።"

"ማን ያየናል? ድብ?"

"ግሌንዳ ብትመጣስ?"

"ግሌንዳ ከመጣች እንደሞተ ሰው እተኛለሁ። ለእኔም ልምምድ ነው።"

አልሳቅሁም። "አራት ሰዎች አሉብኝ" አልኩህ። እውነቴን ነበር። ዛሬም እውነት ነው።

"እሺ" አልክ። መስኮቱን እስከ ታች አወረድከውና፣ "ስትገባ በሩን ቶሎ አትዝጋው፣ ሽታው ይድረሰኝ" አልከኝ።

ገባሁና ዘጋሁት። ከውስጥ ቀረቀርኩት። የዚያን ቀን ሥራ ሃያ ደቂቃ የሚበቃው ነበር፤ እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። የደረቀ ቅጠል ለቀምኩ፣ የተጠረገ ወለል ጠረግሁ። የፒክአፑ ሬዲዮ ይሰማኝ ነበር። ሁለቴ አሳለህ። ፊትህ ከስቶ ጥርስህ ብቻ ቀርቶ ስለነበር፣ እሱን ላለማየት ነው ውስጥ የቆየሁት። ስወጣ እጅህን በመስኮት አንጠልጥለህ ዓይንህን ጨፍነሃል። ተኝተህ ይሁን አስመስለህ አላውቅም። የፒክአፑን በር መታ መታ አደረግሁት፤ ሞተሩን አስነስተህ ሄድክ። ከዚያ በኋላ የመጣኸው አንድ ሐሙስ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የጸጸተኝ በሩን አለመክፈቴ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አለመሆኑን አወቅሁ።

የኖርማ የሕመምተኛ ካርድ ሰኞ ደረሰላቸው። ዛሬ ሄጄ በፒክአፔ አመጣኋቸው። ቤት ላመጣልዎ ስላቸው እንቢ አሉ፤ መኪና መንዳት ቢቀር መኪና ውስጥ መቀመጥ አይቅርብኝ አሉ። በቤትህ በኩል አለፍን። የፖስታ ሳጥንህ እንደተጣመመ ነው።

"ያ የእኔ ሥራ ነው" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"ሁለተኛው በረዶ አንሸራቶኝ ነው።"

"የመጀመሪያውስ?"

"የመጀመሪያው ሆን ብዬ ነው። ያ ጎረምሳ ተማሪ ሳለ አውቶቡሴ ላይ የበረዶ ኳስ ወርውሮ መስታወቴን ሰንጥቆታል። ማን እንደወረወረው እንዳላወቀ ሰው ዝም አልኩና የራሱ የፖስታ ሳጥን እስኪኖረው ጠበቅሁት።"

ይህን አልነገርከኝም።

ጎተራው ፊት አቆምኩ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት በመኪናው መስታወት ቀስ ብለው አነበቡት።

"ገብቼ ልያቸው?" አሉ።

"አይቻልም፣ ወይዘሮ ኖርማ።"

"ማንም የለም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"እሺ" አሉ። እሺታቸው የአንተው ነበር።

ገብቼ ብልቃጣቸውን ይዤ ወጣሁ። የእሳቸው ገና ችግኝ ስለሆነ የሰጠኋቸው ከሌሎቹ ምርት ከተረፈኝ ነው፤ ይህኛውን ሕጉ ይፍቀደው አይፍቀደው የወረቀቱን ጀርባ አላየሁም። ጓጉንቸሩን ቆለፍኩ፣ ጎትቼ አረጋገጥኩ። ከዚያ ተመልሼ ፒክአፑ ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁለቱንም መስኮት አወረድኩ። በረዶ ጀምሮ ነበር።

"እንግዲያው ንገረኝ" አሉ። "ምን ይመስላሉ?"

ነገርኳቸው። አራቱ የጣት ቁመት ናቸው፣ አምስተኛዋ ሰነፍ ናት፣ ዘጠነኛዋ ቅጠሏን ወደ ውስጥ ትጠቀልላለች። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እጃቸው ሲኮማተር ዓይኔን አላሸሽኩም።

የአንተን ግን አልነገርኩህም። በመስኮት በኩል ልነግርህ የሚከለክለኝ ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን፦ ግድግዳው ጋ የነበሩት ሦስቱ ከእኔ ይረዝሙ ነበር። አራተኛዋና አምስተኛዋ ተቆላልፈው ስለነበር ሳጠጣ አብሬ ነበር የምለያያቸው። ሰባተኛዋ ከማራገቢያው ፊት ስለነበረች ግንዷ እንደ አውራ ጣትህ ወፍሯል፤ መጋዝ የፈለገች አንዷ እሷ ናት። አሥረኛዋ አጭር ነበረች፣ ግን ሽታዋ ከሁሉም የከበደ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሩ ጋ ነበሩ። ኦገስት ላይ አንተ ከተቀመጥክበት አራት እርምጃ ነው።

ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ በአንተ ሰዓት ከበሩ ውጭ ነኝ።

ሬይኖ