ውኃ ቀጂ ተብለን የቀረነው ኳስ ተጫዋቾች

ለእህቴ ለለተማርያም ታደሰ፣
አርባ ምንጭ

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ጉልበትሽ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ የአርባ ምንጭ ሙቀት አሻለው? ባለቤትሽ አቶ ዳዊት እንዴት ናቸው? ማስተማሩ እንዴት ይዟቸዋል? ብሌንዬስ ምን አከለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ዓይኔን ዓይኔን ከማለቷ በቀር በርትታለች፤ ስምሽን ሳታነሳ ውላ አታድርም።

ይህን ሁሉ በስልክ ዘርዝሬ ያልነገርኩሽ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ ነው። የአጎታችን ልጅ ወንድወሰን ለሥልጠና ወደዚያ ስለሚመጣ በእጁ ልኬልሻለሁ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የከተማችንን የስፖርት ታሪክ የሚያወጣ መጽሔት ሊታተም ነው። ልጄ ማህሌት አዲስ ለተቋቋመው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተመርጣ፣ ረቂቁን ይዛልኝ መጣች። ምን ይላል መሰለሽ? እዚህ የሴቶች ቡድን ኖሮ አያውቅም፣ ይህ የመጀመሪያው ነው ይላል። የመጀመሪያው! ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አቧራ የጠጣነው እኛ ማን ነበርን? እኔም ተጫውቻለሁ፣ አክስትሽ ደግሞ አምበላችን ነበረች ብላት ልጅቷ ሳቀችብኝ። አንጀቴ ቅጥል አለ።

በማግስቱ የመጽሔቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዘንድ ሄድኩ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እንደሻው! ያ ዳኛው እንደሻው፣ ከድሬዳዋ ልጆች ጋር ስንጫወት ቢጫ ካርድ የሰጠሽ፣ አንቺም ካርዱን ነጥቀሽ መሬት ጥለሽበት ሜዳው በሳቅ ያለቀበት ሰውዬ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ትዝ የሚለኝ ይመስለኛል፣ ግን ሰነድ ከሌለ መጻፍ አንችልም አለኝ። በገዛ ፊሽካው ያጫወተን ሰው ሰነድ አምጪ ይለኛል!

አሰልጣኛችን አብዱልፈታ፣ አሁን ባጃጅ የሚጠግነው፣ ይህን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ዋንጫችንን በፌስታል ጠቅልሎ ኮሚቴው ዘንድ ተከተለኝ። ወላሂ እነዚህን ልጆች ያሰለጠንኳቸው እኔ ነኝ ብሎ ማለላቸው። ዋንጫው ላይ ግን አንደኛ ከሚል በቀር ስም አልተጻፈበትም፤ የገመድ ጉተታ ሽልማትም ሊሆን ይችላል አሉን። ፎቶግራፎቹን አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያወቁብን ቀን ምን እንዳደረጓቸው አንቺው ታውቂያለሽ።

የቀረኝ የሸዋ በር ሴቶች እድር መዝገብ ነበር። ማልያውንም ኳሱንም በእድሩ ስም የሰጡን የያኔዋ ሊቀመንበር እትዬ እልፍነሽ አይደሉ? በምላሹ እኛ በለቅሶ ቤት ውኃ ልንቀዳ፣ አግዳሚ ልንሸከም ተስማምተን። ስንት ቅዳሜ ከቀብር መልስ በነጠላችን ወደ ሜዳ ሮጠናል! እሳቸው ዛሬ ከቤት አይወጡም፤ መዝገቡን ግን ከሣጥናቸው ራሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። እኔ ሞኟ ከደስታዬ ብዛት ገልጬ እንኳ ሳላየው ይዤ በረርኩ።

እንደሻው በኮሚቴው ፊት ገልጦ አነበበው። የአሥራ አራታችንም ስም አለ። ከላዩ ግን የእድሩ ውኃ ቀጂ ልጃገረዶች ይላል። ውኃ ቀጂዎቹ ጅግጅጋ ሄደው ደስ ብሏቸው ተመለሱ ይላል። ውኃ ቀጂዎቹ ድሬዳዋ ሄደው አዝነው ተመለሱ ይላል። ኮሚቴው በሳቅ ፈነዳ። አቦ፣ ውኃ ሊቀዳ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ ብዬ ጮህኩባቸው። ማን ሰምቶኝ!

ጽሕፈቱ ያንቺ ነው እታለም። የእድሩ ጸሐፊ አንቺ ነበርሽ። ለምን እንደዚያ እንደጻፍሽው አልጠፋኝም። አባባ ቢጠይቁ ውኃ ስንቀዳ ነበር እንድንል ነው፤ ከእድሩ እናቶችም ግማሾቹ ኳስ የሚባል ነገር መስማት አይፈልጉም ነበር። ዘዴሽ ያኔ አጫውቶናል፣ አልክድም። ኋላ ግን የክለብ ፈቃድ ስንጠይቅ እድር ቀብር እንጂ ኳስ አያውቅም ብለው የመለሱን፣ ሜዳውንም ለመጋዘን ያጠሩብን፣ ተጫዋች መሆናችንን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ስላልነበረን ነው። ክለቡ እንዲያ ሆኖ ሞተ። አሁን ደግሞ ጭራሽ አልተወለደም ሊባል ነው።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እንደሻው አንድ ነገር አለ። መዝገቡን የጻፈችው ጸሐፊ፣ ውኃ ቀጂ ብዬ የጻፍኳቸው ኳስ ተጫዋቾቹን ነው ብላ በፊርማዋ ካረጋገጠች እናስገባለን፣ ሚያዝያ አሥር ካለፈ ግን መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል አለ። ይህንኑ ደውዬ ስነግርሽ ምን አልሽኝ? ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ዳዊት ኳስ መጫወቴን አያውቅም፣ በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ አታድርጊኝ አልሽ።

እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእንደሻው ይበልጥ የተናደድኩት ባንቺ ነው። መሳቂያስ እኔ ሆኜልሻለሁ፣ ያውም በኮሚቴ ፊት! አሥራ ሦስት ሴቶች ስማቸው በእጅሽ ተጽፎ በእጅሽ ተቀብሯል። ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸው መጽሔቱን ገዝተው ሲገልጡ የእናታቸውን ስም ማጣት አለባቸው? አንቺ ሃያ ዓመት ለደበቅሽው እነሱ ምን አጠፉ? አልቅሼ ነው ይቺን የጻፍኳት፤ ቀለሙ ቢደበዝዝ ይቅር በይኝ።

የምስክርነቱን ወረቀት አዘጋጅቼ አብሬ ልኬዋለሁ። ወንድወሰን አርብ ስለሚመለስ ፈርመሽ ስጪው። ከስምሽ በታች ጸሐፊ ብለሽ ብቻ እንዳታልፊ። አምበል በይበት።

እማዬ ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች። እትዬ እልፍነሽ ሳልሞት ዓይኗን ባየሁ ብለዋል። አብዱልፈታ ቤተሰቡን ይዞ ሰላም ይልሻል፤ ማህሌትም እንዲሁ። አቶ ዳዊትን እጅ ነስቼ ሰላም ብያለሁ በያቸው።

ለብሌንዬ ደግሞ ይቺን መስመር አባቷ ባሉበት ጮክ ብለሽ አንብቢላት፦ ብሌንዬ፣ እናትሽ ኳስ ተጫዋች ነበረች፣ እኔም ከኋላዋ ተከላካይ ሆኜ ተጫውቻለሁ።

እህትሽ ፀሐይ ታደሰ
ሐረር፣ ሸዋ በር
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.